ጎረቤቴ የመሰከሩልኝ ዕለት

ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ ከጎረቤቴ ከአንዲት አሮጊት ጋር በእግራችን ወደ መርሳ ወጣን። በጥድፊያ መታወቂያዬን ቤት ረስቼው ነበር። ያን ሰሞን ደግሞ መታወቂያ የሌለው ጸጉረ ልውጥ ሁሉ ሰላይ ነው፤ ሲሪንቃ ኬላ ላይ አንድ ሚሊሻ ያዘኝ።

«የሚያውቅህ ሰው አለ?»

ጎረቤቴ ሻሻቸውን አስተካክለው ቀረብ አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ አጥር ለአጥር ነን። ጨዋነቴን ሊመሰክሩልኝ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«ይሄ? ሰላይ?» ብለው ሳቁ። «ወላሂ፣ እሱ ምስጢር የሚባል ነገር አፉ ውስጥ አያድርለትም! ሚስቱ ማርገዟን እንኳ ከገዛ እናቷ ቀድመን የሰማነው እኛ ጎረቤቶቹ ነን። እሱን ለስለላ የሚልክ ጠላት ካለ፣ ልጄ፣ ምንም አታስብ፣ አልቆለታል።»

ሚሊሻው እንባው እስኪመጣ ስቆ «እለፍ!» አለኝ።

ተርፌያለሁ፤ ግን ደሜ ፈልቷል። መርሳ እስክንደርስ አላናገርኳቸውም። እኔ ነኝ ወሬኛ? በሰው ፊት እንዲህ ይባላል?

መርሳ መግቢያ ላይ ከአንዲት ብርቱካን ሻጭ ዘንድ አረፍ አልን። ሴትየዋን ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ጎረቤቴ ብርቱካን ሲመርጡ ጠብቄ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ።

«ለማንም እንዳትነግሪ እንጂ፣ እኚህ ሴትዮ ዛሬ ኬላ ላይ ምን ጉድ እንደሠሩኝ ታውቂያለሽ?» ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ በአንድ ተረኩላት።

ስጨርስ ጎረቤቴ ብርቱካናቸውን እየላጡ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «የሚስትህን እርግዝና ዘለልከው» አሉኝ።