ወደ ሞጆ ለሽምግልና ስንሄድ አቃቂ ላይ የጮኸችው ቺንጋ

ማለዳ፣ ጎተራ

ጥር ነው። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ገና ጎህ ሳይቀድ ከጎተራ ተነስተን የደብረ ዘይትን መንገድ ይዘናል። ከጎኔ አጎቴ ጋሽ ታደሰ ተቀምጠዋል፤ ዕድሜያቸውን በባቡር ጥገና ሥራ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ከኋላ ጎረቤታችን ሐጂ ከድር አሉ፤ የስልጤ ሰው ናቸው፣ እኔም ወንድሜም ከሱቃቸው ከረሜላ እየገዛን አድገናል። ሁለቱም ሽማግሌዎች ናቸው። ሦስተኛው ሽማግሌ አቶ ወርቁ ሞጆ ይጠብቁናል። እኔ ሹፌር ብቻ ነኝ።

ጉዳዩ የታናሽ ወንድሜ የዳዊት ነው። ሞጆ ውስጥ ሰላም የምትባል ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። አባቷ አቶ ደምሴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ሰው ልከን ስናስጠይቅ፣ «ቅዳሜ ጠዋት ይምጡ፤ ከምሳ በፊት እወጣለሁ» የሚል መልስ ነበር የመጣልን። ዛሬ ካመለጡን፣ ሲመለሱ ዐቢይ ጾም ሊገባ ቀናት ብቻ ይቀሩታል፤ ያኔ ጠይቀን ለሠርግ አንደርስም። በጾም ሠርግ የለም። ዳዊት ደግሞ ከፋሲካ በፊት ለሥራ ወደ ጋምቤላ ይዛወራል። ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው።

ሳሪስ ላይ የቀላል ባቡሩ ግንባታ መንገዱን ቆፋፍሮታል። አቧራ፣ የብረት ክምር፣ የተሰለፉ ሲኖትራኮች። ጋሽ ታደሰ በመስኮት የአዲሱን ሐዲድ ዝርጋታ እያዩ፣ «ጠጠሩ ያንሳል» እያሉ ይተቻሉ። ሐጂ ይስቃሉ። ደስ የሚል ጉዞ ይሆናል ብዬ ነበር።

ቃሊቲ

አደባባዩ ላይ መሪውን ሳዞር ጮኸች። ትንሿ መኪናዬ፣ ያገለገለች ናት፣ ከሞተሯ ውስጥ ጅራቱ እንደተረገጠ ድመት ያለ ድምፅ አወጣች። እግረኛው ሁሉ ዞሮ አየን። መሪውን ሳቀና ዝም አለች። ማሞቂያውን ስከፍት እንደገና ጮኸች።

«ቺንጋ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ብርድ ነው ያስጮኸው። ሲሞቅ ይተወዋል፤ ንጂ።»

ማደያ ደርሰን ቆምን። ነዳጅ የሚቀዳው ሰው ኮፈኑን ከፍቶ፣ በሞተሩ ጎን ፑሊ የሚባሉትን ክብ ብረቶች ሁሉ አቅፎ የሚዞረውን ረጅም የጎማ ቀበቶ አሳየኝና ከጀሪካን ጥቂት ውሃ ረጨበት። ጸጥ! ተሳሳቅን፤ አመስግነን ወጣን። የመጋዘኖቹን አጥር አልፈን ብዙም ሳንርቅ ግን ጩኸቱ ከበፊቱ ብሶ መጣ። አሁን ከሥሩ እንደ ወፍጮ ያለ ጉርምርምታም ተጨምሮበታል።

«ልጄ፣ አቁሚ» አሉ ሐጂ ከኋላ።

«ምን ያቆማታል? ሰውየው እኮ ይሄዳል!» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ብትበጠስስ? ከነዚህ ተሳቢዎች መሀል መሪው ቢጠነክርባትስ?»

«ሐጂ፣ እርስዎ ደግሞ ክፉ ክፉውን ያስባሉ።»

«ክፉ ክፉውን የማስበው እርስዎን በደህና ላስገባ ብዬ ነው።»

ፈጣን መንገዱ ገና አልተከፈተም፤ የአገሩ ጭነት በሙሉ በዚችው አሮጌ አስፋልት ላይ ነው። ከፊቴ የሲሚንቶ መኪና፣ ከኋላዬ ቦቴ። የወንድሜ ፊት ድቅን አለብኝ። የሁለቱ ሽማግሌዎች ነገርም አለ፤ እነሱን ያህል አደራ ይዤ ነው የምነዳው። በዚያው ቅጽበት የባትሪ ምልክት ያለባት ቀይ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በራች። ከዚያ በኋላ ክርክር አላስፈለገም። ወደ አቃቂ በሰቃ ታጠፍኩ።

አቃቂ በሰቃ

የበሰቃ ጠዋት ቀድሞ ነቅቷል። የጋሪ ፈረስ ደወል፣ የብየዳ ብልጭታ፣ ትኩስ ቦምቦሊኖ የደረደረች ሴት። ከብየዳ ቤቱ ቀጥሎ ያለ ጋራዥ ውስጥ ግርማ የሚባል ጎልማሳ መካኒክ ቱታውን እየቆለፈ አገኘነው።

«እህቴ፣ ይሄን ጩኸት ከድልድዩ ጀምሮ እየሰማሁት ነበር» አለኝ። ሞተሩን አስነስቶ አየ፤ አጠፋው። ቺንጋውን በጣቱ ገልበጥ አድርጎ አሳየኝ። ውስጡ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፣ ዳር ዳሩ ተሰነጣጥቋል። «ይሄ ሞቷል። ዲናሞውን፣ መሪውን፣ የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ይሄው አንዱ ነው። ከተበጠሰ ሁሉም አንድ ላይ ይቆማል።»

አዲስ ቺንጋ ከጎረቤት ሱቅ መጣ። አሮጌው ከመውጣቱ በፊት ጋሽ ታደሰ፣ «ቆይ፣ ቆይ!» ብለው ጠመኔ ለመኑና ቺንጋው በየትኛው ፑሊ ላይ፣ በየትኛው ሥር እንደሚያልፍ ሲሚንቶው ወለል ላይ ሣሉ። ሲያጉረመርሙ የቆዩት ሰውዬ ኮታቸውን አውልቀው ለሐጂ አስይዘዋል። በሥዕሉ መሠረት አዲሱ ገባ። ሞተሩ ተነሳ።

ጮኸ።

አልዋሻችሁም፤ ዕንባዬ መጣ። ስልኬም ያኔውኑ ጠራ። ሞጆ ያሉት አቶ ወርቁ ናቸው። «ሠናይት፣ የት ደረሳችሁ? ሰውየው ጭነቱን እያሰረ ነው።» ሐጂ ስልኩን ከእጄ ተቀበሉኝ። «ወርቁ፣ መኪና ተበላሽቶብን ነው፤ እንመጣለን በላቸው። እንመጣለን!»

ግርማ አንገቱን ነቀነቀ። «ተሳሳትኩ፤ ከመጀመሪያው መፈተሽ ነበረብኝ» አለና ቺንጋውን መልሶ አወጣው። ከዚያ ፑሊዎቹን አንድ በአንድ በእጁ አሽከረከራቸው። የዲናሞው ለስላሳ ነው። የመሪውም። የውሃ ፓምፑም። ቺንጋውን ደግፎ መስመር የሚያስይዘው ትንሹ ፑሊ ጋ ሲደርስ ግን ክርርር አለ። ሁላችንም ሰማነው። ግርማ ይዞ ወዘወዘው፤ እንደ ሕፃን ጥርስ ወዲያና ወዲህ አለ።

«አገኘነው! ኩሽኔታው ነው፤ ፑሊው የሚዞርበት። ቅባቱ ደርቆ ተበልቷል። ፑሊው ሲጣመም ቺንጋውን እያሻሸ የጨረሰው እሱ ነው።»

ፈትቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ትኩስ ነበር። ውስጡ ያሉት ትንንሽ ኳሶች ከመዛጋቸው የተነሳ ክብ አይመስሉም። «ዱከም ሳትደርሱ ይነክስ፣ አልዞርም ይል ነበር» አለ። «ከነከሰ ደግሞ ቺንጋውን ቆርጦ ይጥለዋል።» ጋሽ ታደሰ ኩሽኔታውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ወደ ሐጂ ዞረው፣ «ደግ አደረጉ» አሉ።

ልኩን ማግኘት ሌላ ጣጣ ሆነ። ቅርቡ ሱቅ የለውም። ሐጂ ኩሽኔታውን በጋዜጣ ጠቅልለው ጋሪ ላይ ወጡና በነጭ ጀለቢያቸው ከፈረሱ ኋላ ተቀምጠው ወደ ገበያው ሄዱ። እኔ ቦምቦሊኖ ገዛሁ፤ መብላት ግን አቃተኝ። ጋሽ ታደሰና ግርማ አዲሱ ኩሽኔታ ያለ መሣሪያ ፑሊው ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ሲከራከሩ፣ በመጨረሻ በእንጨት ጉማጅና በመዶሻ ይሁን ብለው ሲስማሙ እየተንቆራጠጥኩ አየሁ።

ሐጂ ሲመለሱ ከሩቅ እጃቸውን እያውለበለቡ ነበር። «የአገሬ ልጅ ሱቅ አገኘሁት! የጀርባውን ቁጥር አስተያይተን ነው፤ ራሱ ነው!»

አዲሱ ኩሽኔታ በእንጨቱና በመዶሻው ገባ። ፑሊው በጣት ሲነካ ያለ ድምፅ ይዞራል። ቺንጋው የጠመኔውን መንገድ ተከትሎ ተጠመጠመ፣ ተወጠረ። ግርማ፣ «አስነሺ» አለኝ። ቁልፉን አዞርኩ። መብራት ከፈትኩ፤ መሪውን እስከ ጥጉ አዞርኩ፤ ማሞቂያውን ለቀቅኩ።

ምንም። የሞተሩ ትንፋሽ ብቻ። ቀይዋ መብራትም ጠፍታለች።

ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ጋሽ ታደሰ «ተመስገን» አሉ፤ ግርማ ሁለቱንም ሰምቶ ሳቀ።

ዱከም፣ ደብረ ዘይት

የቂሊንጦን መታጠፊያ አልፈን መንገዱ ተከፈተ። የጤፍ ክምር በየእርሻው፣ በየሥጋ ቤቱ በር የተንጠለጠለ ሙክት። ዱከም ላይ አልቆምንም። ሐጂ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጋሽ ታደሰ በጥቁር ዘይት የተለወሰ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ «እንዲህ ሆኜ ነው የሰው ልጅ የምለምነው?» አሉኝ። ደብረ ዘይት ላይ በውሃና በኦሞ ሞከርን፤ አለቀቀም።

ሞጆ

ስንደርስ ተሳቢው ከግቢ ወጥቶ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ሞተሩ ይሠራል። አቶ ደምሴ ጋቢናው ውስጥ ናቸው። አቶ ወርቁ በሩ ሥር ቆመው እጃቸውን ያፍተለትላሉ። ሽማግሌዎቼ ወርደው ተሰለፉ።

«አባቶች፣ ዘገያችሁ» አሉ አቶ ደምሴ ከላይ።

«ዘገየን» አሉ ሐጂ። «መኪናችን አቃቂ ላይ አስቸገረችን። ይቅርታ ይደረግልን፤ ለቁም ነገር ነው የመጣነው።»

አቶ ደምሴ ወደ ታች አዩ። ዓይናቸው የጋሽ ታደሰ እጅ ላይ ቆየ። ከዚያ ሞተራቸውን አጠፉ። መንደሩ በአንዴ ጸጥ አለ። ወርደው ወደ ግቢው ዞሩና፣ «ሰላም! ለአባቶች የእጅ ውሃ አምጪ» ብለው ተጣሩ።

ገቡ። እኔ መኪናው ጋ ቀረሁ። በሩን አየዋለሁ፣ ስልኬን አየዋለሁ፣ ደግሞ በሩን አየዋለሁ። መጀመሪያ የወጡት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ኮስተር ለማለት ቢሞክሩም ከንፈራቸው አልታዘዝ አላቸው።

«ሠርጉ ከጾም በፊት ይሁን ብለዋል» አሉኝ።

ለዳዊት ደወልኩ። «እሺ አሉ» ስለው ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ? ሃሎ?» ስል ትንፋሹን ሰማሁት። «አለሁ፣ ሠኒ» አለኝ። «አለሁ፤ ድገሚልኝ እስቲ።»

ደገምኩለት። የሰላም እናት በዚህ መሀል ወጥተው፣ «አንቺ ልጅ፣ ምን ፀሐይ ላይ ያቆምሻል? ግቢ እንጂ!» ብለው ክንዴን ያዙኝ። ጠዋት ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ እህል እንዳልቀመስኩ ትዝ ያለኝ፣ የዶሮው ወጥ ፊቴ ሲቀርብ ነው።