በጋቢ የተጠቀለለ በረዶ

ይህ የሆነው አምና በግንቦት ነው። ጋቢዬን ባጠብኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ተወልጄ ያደግኩት ቢቸና ነው፤ የምኖረው ግን ባገባሁበት ሞጣ ነው። ሐና የምትባል አንድ ልጅ አለችኝ፤ ስድስተኛ ክፍል ናት። አስም አለባት። እኔ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ፣ ደመና ሲጠቁር ልጄን ወደ ቤት የምጠራ ፈሪ ሰው ነኝ።

ሐና በሳይንስ መጽሐፏ ላይ የበረዶ ግግር ካየች ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። በዚያ ሰሞን ጮቄ ተራራ ላይ ከባድ በረዶ ወረደ። ጥላ ሥር የተጋገረው ገና አልቀለጠም ተባለና ትምህርት ቤቷ ልጆቹን ሊያስጎበኝ ተነሣ።

እኔ እምቢ አልኩ። "የዚያ አገር ብርድ ደረትሽን ይዘጋዋል" አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ጠዋት ግን "እንግዲያው አንቺ ሂጅና እይልኝ" አለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። እህቴን አብራት እንድትውል ለመንኩና ከልጆቹ ጋር ቅጥቅጥ አውቶቡሱ ላይ ወጣሁ። መምህሩ "እናት፣ እርስዎ ስንተኛ ክፍል ነዎት?" ብለው አሳቁብኝ።

በረዶው ከገደሉ ሥር እንደ አሞሌ ጨው ነጥቶ ተጋግሯል። ልጆቹ እየተንሸራተቱ ሲጫወቱበት እኔ ዳር ቆሜ እንባዬ መጣ። ልጄን የከለከልኳት ይህን ነው። ይህን ደግሞ በእኔ አፍ ተናግሬ አልጨርሰውም። ልወስድላት ቆረጥኩ። በድንጋይ ፈልጬ የግማሽ ድፎ ዳቦ ያህል አነሣሁና ጋቢዬን አውልቄ ጠቀለልኩት።

"እትዬ በረዶውን ብርድ እንዳይመታው ፈርተው ነው" አለች አንዲት ተማሪ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። የምሳሳለትን ነገር ከመጠቅለል ሌላ አያያዝ አላውቅበትም።

ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ ከመንገዱ ዳር ቤታቸው ደጃፍ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ያዩኝ ኖሯል።

"ለማን ነው ልጄ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ገብተው እቅፍ ሙሉ የገብስ ገለባ አመጡልኝ።

"መጀመሪያ ገለባውን አልብሽው፤ ጋቢውን ከላይ" አሉና ጋቢ የሌለበት ትከሻዬን አይተው፣ "እሷን ከብርድ አስቀርተሽ አንቺው ልትታመሚ ነው?" ብለው ተቆጡኝ።

"እችለዋለሁ እናቴ" አልኳቸው።

እስከ ሞጣ ድረስ ጥቅሉን ጭኔ ላይ ይዤ ሄድኩ። ውኃው ቀሚሴን አልፎ ጫማዬ ውስጥ ይገባል። እያለቀ መሆኑን አውቃለሁ፤ ፈትቼ ለማየት ግን ፈራሁ።

ቤት ገብቼ ስፈታው የእንቁላል ያህል ቀርቷል። አፈርኩ። ሐና ግን አንሥታ መዳፏ ላይ አኖረችው። ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው፣ ሸተተችው፣ በምላሷ ነካችው። ቀጥላ እጄን ስትይዝ ደነገጠች።

"እማ፣ ያንቺ እጅ ከእሱ ይበልጥ ይበርዳል" አለች።

በረዶውን ብርጭቆ ውስጥ ጣለችና ሁለቱንም እጆቼን ሰብስባ ያዘች። ይዘጋባታል ብዬ በፈራሁት ደረቷ አየር እየሳበች፣ እጄ እስኪሞቅ ድረስ እፍ አለችበት። እኛ እንደዚያ እያለን በረዶው ቀልጦ አለቀ፤ ሁለታችንም አላየነውም።

ፍርሃቴ ዛሬም አልለቀቀኝም። ዘንድሮ ጮቄ ላይ በረዶ ከጣለ ግን አብረን እንወጣለን ብያታለሁ። መድኃኒቷን እይዛለሁ፤ ለእሷም የራሷን ጋቢ አስፈትያለሁ።