አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት፣ ሁለት ጊዜ

አማቴ መሪጌታ ናቸው፤ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ጋፋት አጠገብ ባለ ደብር ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። ልጃቸውን ባገባሁ ሰሞን ማዕድ ላይ ስንቀመጥ ወሬ ያጥረን ነበር። ስለ ዝናቡ ይጠይቁኛል፣ «ደህና ነው» እላለሁ፣ እዚያው ላይ ያልቃል።

አንድ እሑድ ዝምታው ሲከብደኝ፣ ክፍል ውስጥ የምጫወታትን ነገር አመጣሁ። ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር አስበው ያንኑ ቁጥር ደግመው ጎኑ እንዲጽፉት፣ ከዚያም ለሰባት፣ ውጤቱን ለዐሥራ አንድ፣ የዚያንም ውጤት ለዐሥራ ሦስት እንዲያካፍሉ ጠየቅኋቸው። ምንም ሳይተርፍ መጀመሪያ ያሰቡት ቁጥር ይመለስልዎታል አልኳቸው።

ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያካፍሉ ጀመር። የጻፉት 532532 ነበር። ለባሕረ ሐሳብ ሰው 532 ተራ ቁጥር አይደለም፤ ዐቢይ ቀመር ይባላል፣ በዓላትና አጽዋማት ዞረው ወደ ቦታቸው የሚመለሱበት የዓመታት ዙር ነው። 76076 መጣ፣ ከዚያ 6916፣ በመጨረሻም 532። ብዕሩን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ።

«ይህን ማን አስተማረህ?»

ልጃቸውን ለአስማተኛ የሰጡ መስሏቸው እንደሆነ ገባኝ። ሚስቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም ሰባት፣ ዐሥራ አንድና ዐሥራ ሦስት ሲባዙ አንድ ሺህ አንድ እንደሚሆኑ፣ ቁጥሩን ጎን ለጎን ሁለት ጊዜ መጻፍም በአንድ ሺህ አንድ ማባዛት እንደሆነ ቶሎ ቶሎ አስረዳሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ወረቀቱን ስበው 532ን ራሱን ይበትኑት ጀመር፦ አራት የወንጌላውያኑ ዘመን፣ ሰባት የሳምንቱ ቀናት፣ ዐሥራ ዘጠኝ የጨረቃዋ ዙር።

«እንግዲያ ሰባት ሁለት ጊዜ ገብቷል» አሉ። «አንዱ የእኔ፣ አንዱ የአንተ።»

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው የእሳቸው ሆነ። ለጉልበታቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዣቸው ብሄድ፣ አጠገባችን የተዘፈዘፈውን የእብናት ከብት ነጋዴ ቁጥር አስብ አሉት። ሦስት አሃዝ ማለቱን ረሱ። ሰውየው አርባ አምስት አስቦ፣ ከልብሱ መሐል ስልኩን አውጥቶ 4545ን ለሰባት ቢያካፍል፣ ነጥብ ያለው ረጅም ቁጥር ተዘረገፈ። ነጋዴው ጨዋ ነውና «ስልኬ አርጅቶ ይሆናል፣ አባቴ» አላቸው።

ከፊቱ ዜሮ ይደረግ፣ 045045 ይባል ብዬ ሹክ አልኳቸው። ተሞከረ፤ አርባ አምስት ተመለሰ። ነጋዴው አማተበ። አማቴ ግን አልተደሰቱም፤ በግእዝ አኃዝ ዜሮ የለምና።

«የሌለ ነገር ከፊት ቆሞ ነው የተስተካከለው?»

«አዎ፣ የኔታ።»

በመልስ መንገድ ሚኒባሱ ውስጥ ስለ ዜሮ ብቻ ጠየቁኝ። ወረታ ሳንደርስ ረዳቱ መዝሙሩን ከፍ አደረገው። እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።