በሰው አገር የቃምሁት ቆሎ

አባቴ ቄስ ናቸው። ለሥራ አረብ አገር ልሄድ ስነሣ እስከ አርብ ገበያ ከተማ ሸኙኝና አውቶቡሱ አጠገብ አንድ ነገር ብቻ ነገሩኝ። «የሄድሽበትን አገር ሕግ አክብሪ፤ እንግዳ ነሽ።» «እሺ አባቴ» ብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። እናቴ ደግሞ አንድ ቋጠሮ የገብስ ቆሎ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችልኝ። ቆሎውን በደንብ ይዤው ሄድሁ። ምክሩን ግን መንገድ ላይ ሳልጥለው አልቀርም።

የተቀጠርሁት አንዲት አሮጊት ለመጦር ነው። ልጆቻቸው «ማማ» ስለሚሏቸው እኔም ማማ አልኋቸው። እግራቸው አይታዘዝላቸውም፣ ጥርስ የሚባል የላቸውም፤ ምላሳቸው ግን እንደ እኔው አያርፍም። የተስማማነውም ለዚሁ ይመስለኛል።

በዚያ ዓመት የእኛ ሁዳዴና የእነሱ ረመዳን ተገጣጠሙ። የማማ ምራት «ከነገ ጀምሮ ጾም ነው፤ ውጭ ስትወጪ...» ብላ ስትጀምር አላስጨረስኋትም።

«ጾም ለእኔ ይነገረኛል እንዴ? የቄስ ልጅ ነኝ እኮ!» አልኋት በተሰባበረው አረብኛዬ።

ትከሻዋን ሰብቃ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ማማ መድኃኒት ቤት ላኩኝ። መድኃኒቱን ገዝቼ ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም። እኛ ዘንድ ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ ጾመኛ ቢቀምስ ማን ምን ይለዋል? አውቶቡስ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀመጥሁ፣ አማተብሁ፣ ቆሎዬን ከቦርሳዬ ዘግኜ ቃም! ኧረ የዚያ ቆሎ ድምፁ! ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ ሞኟ «ቆሎ አይተው አያውቁም እንዴ?» ብዬ ሁለተኛውን ዘገንሁ።

ፖሊስ መጣ። ለካ በዚያ አገር በረመዳን ፀሐይ ሳትጠልቅ አደባባይ ላይ መብላት በሕግ ክልክል ነው፤ እምነትሽ ሌላ ነው ብሎ የሚተውሽ የለም። ጣቢያ ወሰዱኝ። አለቃው ቤት ደወለና «አሠሪዎችሽ መጥተው ካልተረከቡሽ ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ» አለኝ።

ወይ ጉዴ! ሁለት ወር ሳይሞላኝ፣ የቄስ ልጅ በጾም ስትበላ ተይዛ ተባረረች ተብዬ አርብ ገበያ ልወርድ? አባቴን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ልጆቹ ሁሉ ሥራ ላይ ናቸው፤ የሚመጣልኝ ሰው የለም ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ።

የመጡት ማማ ናቸው። በዚያ ሐሩር፣ እህል ውኃ ሳይቀምሱ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው እየተጎተቱ። ገና ከበሩ ላይ ሆነው «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ቤታችን ገብታ ሕጋችንን አላስተማርናትም» አሉ።

 ምራታቸውን ያቋረጥኋት እኔ ነኝ እኮ! ዝም ብል ኖሮ በእሳቸው ቃል እወጣ ነበር፤ ግን አልቻልሁም። «የለም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሊነግሩኝ ሲሉ አልሰማም አልሁ» ብዬ አለቃውን ይቅርታ ጠየቅሁ። አለቃው ማማን አየ፣ እኔን አየ፤ ሁለተኛ እንዳይለምደኝ አስፈርሞ ለቀቀኝ።

ቤት ስንገባ ማማ ቆሎውን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ፀሐይ ጠልቃ አዛን ሲሰማ መጀመሪያ ቴምር ቀመሱ፤ ቀጥለው አንዲት ፍሬ ቆሎ አፋቸው ጣል አድርገው እንደ ከረሜላ ይመጠምጧት ጀመር። ድዳቸውን እያሳዩ ሳቁብኝ።

«አሁን ብይ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ጾሜን ሁልጊዜ ከእሳቸው ጋር ፈታሁ። ለእኔም ሥጋና ቅቤ ያልነካው ሾርባ ለብቻው ያሠሩልኝ ነበር። በሰው አገር እናት የሰጠኝን አምላክ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ዘንድሮ ለእረፍት ወደ ቤቴ መጣሁ። የጣቢያውን ነገር ሳልደብቅ ሁሉንም ለአባቴ ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ሰነበትሁ። ልመለስ ሻንጣዬን ስዘጋ ግን አንድ ቋጠሮ ይዘው መጡ። እንደ ፊቱ ቆሎ መስሎኝ ዳሰስሁት፤ አይደለም፣ በሶ ነው።

«እኒያ እናት ጥርስ የላቸውም አላልሽኝም?» አሉኝ።