ጥፋቱ የጥይቱ ነው

ኤልውድ ራይግል ዕድሜውን ሙሉ ያደነው በአንድ ዓይነት ጥይት ነበር። ሠላሳ ዜሮ ስድስት ይባላል፤ አባቱም ያደነው በዚሁ ነው። በአደን ጎጆአችን ውስጥ ወንዶቹ ምድጃውን ከብበው “ሁለት ሰባ ይሻላል”፣ “የለም፣ ሦስት መቶ ስምንትን የሚያህል የለም” እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ እሱ ድንቹን እየላጠ፣ “አጋዘን ቁጥር አያነብም” ይልና ሁሉንም ዝም ያሰኛቸዋል። እኔ የማውቀው ይህን ሰው ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በስተርጅና ጥይት መቀያየር ሲጀምር፣ ምን ነካህ ብለን መጠየቅ ነበረብን። እኛ ግን ደስ አለን! ጭቅጭቁ ውስጥ የገባልን መስሎን ደስ አለን።

ኤልውድ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ባሌ የሞተ ዓመት፣ “የሱን አልጋ ያዢው፣ ኖርማ” ብሎ ጎጆው ውስጥ ያስገባኝ እሱ ነው። ከዚያ በፊት ሴት አድራበት አታውቅም። ሩስ የሚባለው ጓደኛው አጉረመረመ፤ ሩስ ፀሐይ ስትወጣም የሚያጉረመርም ሰው ነው። ኤልውድ ዞር ብሎ፣ “ካንተ የተሻለ ትተኩሳለች፣ ካንተ ያነሰ ታንኮራፋለች” አለው፤ በዚያው ወሬው ተዘጋ።

ኤልውድ የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ እዚያ ሠራ። ሚስቱ ሎሬን ካንሰር ወሰዳት። ልጅ አልወለዱም። ከዚያ ወዲህ ለኤልውድ ዓመት ማለት በኅዳር ከምስጋና በዓል ማግስት የሚጀምሩት ሁለት የአደን ሳምንታት ናቸው፤ የቀረው ጊዜ እነሱን መጠበቂያ ነው። በሐምሌ ወር ቤቱ ብትሄዱ ጠመንጃውን በዘይት ሲወለውል ታገኙታላችሁ።

የጎጆውን ሕግ ያወጣው እሱ ነው። አጋዘን ስቶ ለመጣ ሰው ቅጣቱ ሳቅ ነው፤ የሸሚዙ የኋላ ጫፍ በቢላ ይቆረጥና ስሙ ተጽፎበት ግድግዳው ላይ ይቸነከራል። የኔ ሸሚዞች እዚያ አሉ። የሩስ ቁርጥራጭ ቢሰፋ መጋረጃ ይወጣዋል። የኤልውድ ስም ግን አልነበረም። ሁለተኛው ሕግ ሳቅ የለበትም፦ ያላየውን ነገር የተኮሰ ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል፣ ተመልሶም አይመጣም። ቅጠል ሲንቀሳቀስ አይቶ የተኮሰ የአጎቱን ልጅ በዚህ ሕግ አስወጥቶታል። ሰውየው እስከ ዕለተ ሞቱ ቢለምነው እሺ አላለውም።

ኤልውድ መጀመሪያ የሳተ ዕለት ጎጆው በሆታ ተናወጠ። ሸሚዙን የቆረጠው የእህቱ ልጅ ድዋይት ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ጨርቁን እንደ ባንዲራ አውለበለበው። ኤልውድ ራሱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን፣ “ትከሻዬ አርጅቷል” አለ። “ሠላሳ ዜሮ ስድስት ይረግጠኛል። ርግጫውን ፈርቼ ምላጩን ስስብ ዓይኔን ጨፈንኩ።”

“ሃያ ዓመት ሙሉ የነገርኩህ ምን ነበር?” አለ ሩስ፤ ደስታው ፊቱ ላይ በራ። “ሁለት ሰባ! ርግጫው እንደ ልጅ ኩርኩም ነው።”

ኤልውድ ሁለት ሰባ ገዛ። ሁለቱ ጥይቶች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ቀለሃቸው አንድ ነው፤ የሁለት ሰባው አንገቱ ጠበብ ብሎ ቀጠን ያለ አረር ይይዛል፣ ትንሽ ይፈጥናል፣ ትንሽ ይለሰልሳል። ሜዳ አገር ቢሆን አንድ ነገር ነው። የኛ ጫካ ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አጋዘኑን የምናገኘው ድንጋይ ወርውረን በምንደርስበት ርቀት ነው። እዚያ ላይ ልዩነታቸው ያው በገሌ ነው። ይህን ያስተማረን ደግሞ እሱ ነበር።

በተከታዩ ዓመት አንዲት እንስት አጋዘን ሆዷን መታት። የደም ዱካዋን ይዘን ወንዙ ድረስ ሄድን፤ እዚያ ዱካው ጠፋብን። ኤልውድ በዚያ ብርድ ውሃው ውስጥ ገብቶ ወዲያ ማዶ እስኪመሽ ፈለገ። ከዚያ በፊት አቁስሎ የተወው አጋዘን ኖሮ አያውቅም። ድዋይት ጎትቶ አወጣው፤ የዚያን ዕለት እራት አልቀመሰም። በማግስቱ፣ “ሁለት ሰባ ፍጥነቱ በዛ” አለ። “አረሩ ሥጋው ውስጥ ሳይከፈት በርቅሶ ወጣ። ከበድ ያለ አረር ነው የሚያስፈልገኝ።” እንግዲህ ወደ ሦስት መቶ ስምንት ዞረ። በዚህኛው ድዋይት ፎከረ፤ የሱ ጥይት ነውና። በሱም ሳተ። ክረምቱን ሁሉ ሩስና ድዋይት ስልክ እየደወሉ ተከራከሩለት፤ የአረሩ ክብደት፣ የባሩዱ መጠን፣ የአፈሙዙ ርዝመት።

“ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል” አልኳቸው አንድ ቀን።

“አንቺ ምን ታውቂያለሽ?” አለኝ ሩስ።

ያን ጊዜ በእርግጥም ምንም አላውቅም ነበር። ያወቅኩት ባለፈው መኸር ነው። ኤልውድ፣ “ሱቅ ድረስ አድርሺኝ” ብሎ ደወለ። መኪና መንዳት ቀንሶ ነበር፤ ሲጠየቅ የሌሎች መኪኖች መብራት ያናድደኛል ይላል። የጠመንጃ ሱቁ ውስጥ ሁለት ጥይት አስወጣ፤ አንዱ ያው ሦስት መቶ ስምንት፣ ሌላው ሰባት ዜሮ ስምንት። ሰባት ዜሮ ስምንት የሦስት መቶ ስምንት ልጅ ነው፤ የአባቱ ቀለህ አንገቱ ጠብቦ ነው የተወለደው።

“አባባ፣ ለናንተ ጫካ የትኛውንም ቢወስዱ ያስኬድዎታል” አለው ሻጩ። “ርግጫው እንዲቀልልዎ ከፈለጉ ግን ሰባቱን ይውሰዱ።”

ኤልውድ ሁለቱን በሁለት እጁ ይዞ አገላበጠ። የቀለሁ መቀመጫ ላይ የታተመውን ቁጥር ሊያነብ ፈልጎ ነበር። ዶሮ ጥሬ ስታይ እንደምታደርገው አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በዓይኑ ጥግ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ሞከረ። ሻጩ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞር ሲል ቀስ ብሎ፣ “ኖርማ፣ ሰባቱ የቱ ነው?” አለኝ። ሰባቱን እጁ ላይ ነካሁለት።

መኪና ውስጥ እስክንገባ ታገስኩ።

“ዓይንህ ነው፣ አይደል?”

“የምን ዓይን?”

“አንተ ሰውዬ፣ አታድርቀኝ!”

የአዲሱን ጠመንጃ የጥይት ካርቶን ጭኑ ላይ አገላበጠ። “መሀሉ ነው የጠፋው” አለ። “ዳር ዳሩን አያለሁ። አሁን አንቺን ሳይሽ ኮፍያሽ አለ፣ ጆሮሽ አለ። ፊትሽ የለም።”

“ሐኪም አይቶሃል?”

“አይቶኛል። የዚህ በሽታ መርፌ የሚሠራለት ዓይነት አለ፤ ያንተ ግን መርፌ የማይሠራለት፣ ደረቅ የሚባለው ነው አለኝ። አይመለስም፣ እየሰፋ ነው የሚሄደው።”

“ታዲያ በዚህ ዓይን ጠመንጃ ምን ያደርግልሃል? ና፣ ድንች ላጥ፣ ከኛ ጋር ተቀመጥ። ማን ይከለክልሃል?”

“እንዲያዝኑልኝ ልምጣ?” ድምፁ ሻከረ። “ቤቴ ገብቼ ምን ላድርግ? ቴሌቪዥን ልይ? ጎጆው ሲቀር እኔ ምን ቀረኝ፣ እስቲ ንገሪኝ።”

ያላየኸውን እንዳትተኩስ ብቻ አልኩት። “ይህን ሕግ ለኔ ታስተምሪኛለሽ?” አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የአደኑ የመጀመሪያ ቀን አዲስ በረዶ ጥሎ ነጋ። ዛፍ ላይ ከተሠራው ከሱ የአደን ማማ ትይዩ፣ ከገደሉ ማዶ ያለውን ማማ ለመንኩና ወሰድኩ። ለአደን አልነበረም፤ እሱን ለመጠበቅ ነው። ረፋድ ላይ አንድ ወንድ አጋዘን ከቁጥቋጦው ወጥቶ ከሱ ማማ ሥር ቆመ። ቀንዱ የሚያምር፣ ጎኑን የሰጠ፣ የተረጋጋ። ኤልውድ በዓይኑ ጥግ አየው መሰለኝ፣ አንገቱን ሰበር አደረገ። ጠመንጃውን አነሳ። ዓይኑን ማነጣጠሪያው ላይ ሲያደርግ ግን አፈሙዙ ወዲያና ወዲህ መዋለል ጀመረ። አጋዘኑ ጠፍቶበታል። አጋዘኑ ቆሞ ጠበቀው፤ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ቆሞ ጠበቀው! ከዚያ ቀስ ብሎ ሄደ። የኤልውድ አፈሙዝ ግን በሌላ በኩል አንድ ቦታ ላይ ረጋ። “ተው!” ብዬ ከመጮኼ በፊት ሁለቴ ተኮሰ።

ወርጄ፣ ገደሉን ተሻግሬ እስክደርስ እሱም ከማማው ወርዷል።

“ወደቀ?” አለኝ። “ቆሞ ነበር። አልተንቀሳቀሰም። ወደቀ ወይ?”

የተኮሰው ጉቶ ነው። የበሰበሰ፣ ቡናማ፣ የአጋዘን ቁመት ያለው ጉቶ። ሁለቱ ቀዳዳዎች በአንድ መዳፍ ይሸፈናሉ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አተኳኮስ ጥቂት ነው ያየሁት። እጁን ይዤ ቀዳዳዎቹ ላይ አስቀመጥኩለት። በጣቱ ዳሰሳቸው። ከጉቶው ጀርባ ድዋይት በየዓመቱ አጋዘኖቹን ወደ አዳኞቹ እየነዳ የሚወርድበት መንገድ አለ። ይህን ለኤልውድ እኔ አልነገርኩትም፤ መንገዱን የቀየሰው እሱ ራሱ ነው። በረዶው ላይ ተቀመጠ፤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ማታ ሁሉም ጎጆው ገቡ። “ሁለት ተኩስ ሰምተናል!” አለ ሩስ፤ የጉበትና የሽንኩርቱን መጥበሻ እያማሰለ። “የታል ሥጋው?”

ኤልውድ መሀል ወለሉ ላይ ቆመ። ሸሚዙን ከሱሪው አውጥቶ ጀርባውን ለድዋይት ሰጠ።

ቢላው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ማንም አላነሳውም። ድዋይት ጫማውን ማየት ጀመረ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሁሉም ያውቃሉ። መቼ እንዳወቁ እንጃ፣ ግን ዝም አይነቅዝም ብለው ዝም ብለዋል፤ በዝምታቸው ላይ የጥይት ወሬ ከምረውበታል።

“ኧረ ተወው አጎቴ፣ ሸሚዙ አዲስ ነው” አለ ድዋይት።

“ጥፋቱ የጥይቱ ነው” አለ ሩስ፤ ከመጥበሻው ቀና ሳይል። “ሰባት ዜሮ ስምንት ለዚህ ጫካ አይሆንም ብዬ ነበር። ቅርንጫፍ ነካክቶት ነው። ለሚመጣው ዓመት ወደ ሠላሳ ዜሮ ስድስትህ ተመለስ፤ አለዚያም አሁን የመጣ አዲስ ጥይት አለ...”

“ጥይቱ ምንም አላለም” አለ ኤልውድ።

“እንዴ፣ እኔ እኮ...”

“ምንም አላለም አልኩህ። ያነጣጠርኩበት ገብቷል። ጉቶ ነው የመታሁት። ሳላይ ነው የተኮስኩት።”

“በረዶው አንጸባርቆብህ ይሆናል፣ አጎቴ።”

“ድዋይት፣ ባንተ መንገድ ላይ ነው የተኮስኩት።”

ኤልውድ ሸሚዙን ቀስ እያለ ወደ ሱሪው መለሰ። አልጋው ዘንድ ሄዶ ብርድ ልብሱን ጠቀለለ፣ ካልሲዎቹን በዳበሳ ለቀመ። ሩስ እሳቱን አጥፍቶ ቆመ። ሁላችንም እንወደው ነበር። ግን “ሕጉ ይቅር” ያለ አልነበረም። እኔም አላልኩም፤ ኤልውድ ትክክል ነበርና። ሲያልቅ አያምር ይላሉ፤ እንዲህ ማስጠላቱን ግን ማንም አይናገርም።

“ኖርማ፣ አድርሺኝ” አለ።

ጠመንጃውን ድዋይት ተሸክሞ መኪናው ውስጥ አስገባለት። ተቃቀፉ። ሩስ ከበሩ አልወጣም። ቁልቁለቱን ስንወርድ ኤልውድ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ድልድዩ አጠገብ ፍሬን ያዝኩ።

“ምነው ቆምሽ?” አለኝ።

“አጋዘን ነው። መንገዱ መሀል ቆሞብናል።”

ወንድ ነበር፤ መብራቱ ቀንዱ ላይ አርፎ፣ ዓይኖቹን በእኛ ላይ ተክሎ፣ ከመኪናው አፍንጫ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል። ኤልውድ ወደ መስታወቱ ተጠግቶ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ።

“የታለ?” አለ።

እስኪያልፍ ጠበቅን።