የግርማን ትንፋሽ ተከትዬ፤ ከሮቢንስዴል እስከ ወንዙ ማዶ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሮቢንስዴል ካለው ቤታችን በሁለት ሳይክል ተነሣን። ባለቤቴ ግርማ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የጉዞው ዓላማ አንድ ብቻ ነበር፤ ይህ በየቀኑ የሚነዳው ሳይክል ባሌን ይገድልብኝ እንደሆነና እንዳልሆነ በዓይኔ ለማየት።

ግርማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሐኪሙ ስኳር እንዳለበት ሲነግረው ያገለገለ ሳይክል ገዛና በዚያው ለመደው። አሁን ሰመር ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ በየጠዋቱ ይወጣል። ቦርጩ ጠፋ፣ ጉንጩ ገባ፣ ሱሪው ያለ ቀበቶ አልቆም አለ። ሐኪሙ ስኳሩ እየተስተካከለ ነው ብሎ ደስ ብሎታል። እኔ ደስ አላለኝም። እኛ ዘንድ ሰው ሲከሳ "አማረብህ" የሚለው የለም። እትዬ አስካለ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝና፣ "ልጄ፣ ባልሽን ምን ነካው? እውነቱን ንገሪኝ፣ በጸሎት እናስበው" አሉኝ። ሌላ የቤተ ክርስቲያን ሴት ደግሞ በመኪና ስታልፍ አይታው፣ "ብቻውን እያወራ ይነዳል" ብላ ነገረችኝ። ያን ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ነኝ። ቀኑን ሙሉ የማነሣውና የማስቀምጠው ልቡ የደከመ ሰው ነው። አባቴም ጤነኛ ነው ሲባል አንድ ጠዋት ከቤት እንደወጣ መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ። ስለዚህ ሰው በደህና ወጥቶ እንደሚመለስ አላምንም። በተለይ ፍልሰታ ከገባ ወዲህ ፍርሃቴ ባሰ። ቤታችን ውስጥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀመስም። ግርማ ጠዋት ምንም ሳይቀምስ ወጥቶ እኩለ ቀን አካባቢ ይመለሳል። ስኳር ያለበት ሰው በባዶ ሆዱ ያን ሁሉ መንገድ ሲነዳ ስኳሩ ወርዶ ቢወድቅ ማን ያነሣዋል? ዕባብ ያየ በልጥ በረየ ይበሉኝ እንጂ፣ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ወደቀ ሊሉኝ ነው እል ነበር።

በመጨረሻ "ሽጠው" አልኩት። እያለቀስኩ ነበር ያልኩት።

ግርማ፣ "ሰናይት፣ ይሄ የበዛ ስፖርት አይደለም። በቃላት ግን ላሳምንሽ አልችልም። ኦፍ በሆንሽበት ቀን አብረሽኝ ሂጂ። አይተሽ 'ተው' ካልሽኝ እሸጠዋለሁ" አለኝ። ግርማ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም። ሳይክሉ በእኔ አፍ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ጎረቤታችን ኤሌክትሪክ ሳይክሏን አዋሰችኝ። ሄልሜት በሃያ አምስት ዶላር ገዛሁ። ልጃችን ሊያ በር ላይ ቆማ ስትስቅብኝ፣ "አባትሽን ልጠብቅ ነው የምሄደው" ብላት፣ "ማም፣ ዳድ ኢዝ ፋይን" አለችኝ ከስልኳ ቀና ሳትል።

ቪክቶሪ ሜሞሪያልና ዋርዝ ፓርክ

የመጀመሪያው መንገድ ሜዳ ነው። ቪክቶሪ ሜሞሪያል በሚባለው ሰፊ ጎዳና ዳር ዛፎቹ ተሰልፈው ቆመዋል፤ በጥላቸው ሥር አሮጊቶች ውሻ ይዘው ይንሸራሸራሉ። ልጅ ሳለሁ የአጎቴን ሳይክል ነድቼ ስለነበር እግሬ አልረሳም፤ ልቤ ግን አፌ ላይ ነበረች። ባትሪውን ከፍ ባለው ኃይል ላይ አደረግሁትና ግርማን ከኋላ ተጠጋሁት።

ያን ጊዜ ድምፁን ሰማሁ። ግርማ የጠዋት ጸሎቱን በቃሉ፣ ጮክ ብሎ በግዕዝ እያደረሰ ነበር። ብቻውን እያወራ ይነዳል የተባለው ይህ ነው። ባሌ አብዷል ብዬ ስንት ሌሊት ያሰብኩት ሰውዬ ጸሎት እያደረሰ ኖሯል። ዜማው ከፔዳሉ ጋር ይሄዳል፤ ስንኙ ላይ አይሰበርም፣ መሐል ላይ ትንፋሽ አያጥረውም።

ሥራ ቦታ ሕመምተኞችን በእግር ስናስኬድ የተማርነው ነገር አለ። ሰውየው እየሄደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻለ ልቡ ከአቅሙ በላይ አልሠራም ማለት ነው፤ ቃል ከቆራረጠ ግን አስቀምጡት ይላሉ። ስለዚህ ጆሮዬን ጀርባው ላይ ተክዬ ቃሉን መከተል ጀመርኩ። ጀርባው ቀጥ ያለ ነው፤ ከዓይኔ የደበቀኝን ከድምፁ አገኛለሁ ብዬ ነው።

ዋርዝ ፓርክ ውስጥ መንገዱ ከፍ ዝቅ ይላል። አንዱ ዳገት ላይ ድምፁ ቁርጥ አለ።

ቀና ስል ግርማ ከሳይክሉ ወርዷል። ባትሪው ገፍቶኝ አጠገቡ ስደርስ ፍሬን መያዝ ረስቼ ሣር ውስጥ ገባሁ።

"ምን ሆንክ? ለምን ዝም አልክ?"

"ምንም አልሆንኩም። ይሄን ዳገት ሁልጊዜ እየገፋሁ ነው የምወጣው። ማን ያሳድደኛል?" አለና ሳይክሉን በእጁ እየገፋ፣ ካቆመበት ቃል ቀጠለ።

እኔ እኮ በሐሳቤ ጥርሱን ነክሶ ከወጣቶች ጋር ሲሽቀዳደም ነበር የማየው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን የሚገፋው ሆዱ ባዶ ሆኖ አቅም ስላነሰው ነው የሚል ሌላ ፍርሃት ወዲያው ቦታውን ያዘ። ፍርሃት ሲኖርህ ለሁሉም ነገር መልስ አለው።

ከሐይቆቹ ወደ ግሪንዌይ

የሐይቆቹን ዳር ይዘን ወረድን። ሲዳር ሐይቅ ላይ ሰዎች ገና በጠዋቱ ይዋኛሉ። ቢዴ ማካ ስካ የሚባለው ሐይቅ ጋ ስንደርስ ወደ ግራ ታጥፈን ግሪንዌይ ውስጥ ገባን። ይህ ድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረ፣ ከከተማው በታች የተቆፈረ የሳይክል መንገድ ነው። መኪናው ከላይ በድልድዮቹ ያልፋል፤ እኛ ከታች። ሌክ ስትሪት ካሉት ምግብ ቤቶች የሚጠበስ ሽንኩርት ሽታ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለጾመኛ ፈተና ነው። የሆዴን ጩኸት ሰማሁና፣ የእኔ እንዲህ ከጮኸ የእሱ እንዴት ይሆን ብዬ ፈራሁ። እኔም በባዶ ሆዴ እየነዳሁ መሆኔ ትዝ አላለኝም።

የግሪንዌይ ጫፍ ወንዙ አጠገብ ነው። እዚያ ስንደርስ ግርማ ሰዓቱን አየና ፊቱ ላይ አንድ ዓይነት መቸኮል መጣ።

"ልቅደምሽ። ድልድዩን ተሻግረሽ ወደ ቀኝ ነው። ቀስ ብለሽ ነይ" አለኝ።

"ለምን ትቀድመኛለህ? አብረን—"

ሄደ። ሲፋጠን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ጸሎቱም አብሮት ራቀ፤ ከዚያ የሚሰማኝ የመኪና ድምፅ ብቻ ሆነ።

ሴንት ፖል

የሌክ ስትሪት ድልድይ ረጅምና ከፍ ያለ ነው። ሚሲሲፒ ከታች ቡናማ ሆኖ ዝግ ብሎ ይሄዳል። መሐሉ ላይ ነፋስ ሲገፋኝ ወርጄ እየገፋሁ ተጓዝኩ። የአምቡላንስ ጩኸት ከኋላዬ መጣና አልፎኝ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሴንት ፖል ተሻገረ። ወደ ቀኝ እንዳይታጠፍ ለመንኩ። "እመቤቴ፣ ዛሬን ብቻ" አልኩ። ቀጥ ብሎ ሄደ።

ድልድዩን ጨርሼ ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። ከወንዙ በላይ ባለው መንገድ ጥቂት እንደሄድኩ የግርማን ሳይክል አየሁት። ዛፍ ላይ ተደግፏል። እሱ የለም።

ስሙን ጠራሁ። መልስ የለም። ሳይክሌን ጥዬ በሣሩ ላይ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ከቁጥቋጦው ጀርባ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ጎንበስ ብሏል፣ እጁ ደረቱ አጠገብ ነው፣ ትከሻው ይነቃነቃል። ሥራ ቦታ ደጋግሜ ያየሁት አቀማመጥ ነው። አባቴንም ሳላየው እንደዚህ ነበር የማስበው። ሮጥኩ።

ዞሬ ፊቱ ጋ ስደርስ ጉንጩ ሞልቶ ነበር።

ግርማ ዳቦ እየበላ ነው። ሲያየኝ የቀረውን ጃኬቱ ውስጥ ሊከት ሞከረ። ጭኑ ላይ ቴምር በላስቲክ አለ፤ ለፊት መታጠቢያ የያዘው የሚመስለኝ የውሃ ኮዳም አጠገቡ ተከፍቷል። አፉ ሙሉ ስለነበረ መናገር አልቻለም።

ከጀርባችን የሰው ድምፅ መጣ።

"ግርማ፣ ዛሬ ቁርስህን ሳታስቀርልኝ ጨረስከው እንዴ?"

ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። አቶ ሀብተ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ፣ በየጠዋቱ እዚህ በእግር የሚመላለሱ ኤርትራዊ ናቸው። አማርኛቸው የትምህርት ቤት አማርኛ ነው፤ ከእኔ ይጠራል። ፊቴን ሲያዩ ነገሩ ገባቸውና ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ባለቤቱ ነሽ? ተቀመጪ። እኔ በዕድሜዬ፣ እሱ በስኳሩ፣ የሁለታችንም ንስሐ አባት ጠዋት እንድንበላ ፈቅደውልናል። እዚህ ዳቦ እንካፈላለን። አልነገረሽም?"

አልነገረኝም።

"እንዴት ልንገርሽ?" አለ ግርማ፣ እየዋጠ። "አንቺ እየጾምሽ፣ ልጅቷ እየጾመች፣ እኔ አባወራው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ልብላ? አፈርኩ። ደግሞ ሳልበላ ነድቼ አላውቅም። ከቤት ስወጣ ሁለት ቴምር መንገድ ላይ፣ እዚህ ደግሞ ቁርስ። ዛሬ ከኋላዬ ስለሆንሽ ቴምሩን ሳልበላ ቀረሁ፤ ለዚህ ነው የቸኮልኩት።"

ላንቀው ፈለግሁ፤ ላቅፈውም ፈለግሁ። በመጨረሻ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሊገድለው ነው ብዬ የፈራሁት ሳይክል በየቀኑ ቁርሱ ዘንድ ያደርሰው ነበር። አቶ ሀብተ ወደ ወንዙ ዞረው ያላዩ መሰሉ።

"ታዲያ ልሽጠው?" አለኝ ግርማ ቆይቶ።

"ቤት ስንደርስ እነግርሃለሁ" አልኩት። ቴምር ሲያቀርብልኝ ግን ራሴን ነቀነቅሁ። የእኔ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

መልስ

ስንመለስ ፀሐዩ በረታ። ግሪንዌይ መሐል ላይ ሳይክሌ ተንቀራፈፈና መብራቱ ጠፋ፤ ባትሪው አለቀ። ጠዋት በፍርሃት ከፍ ባለው ኃይል ላይ ሰቅዬው የነበረው እኔው ነኝ። ያለ ባትሪ ኤሌክትሪክ ሳይክል መንዳት ከብረት አልጋ ጋር እንደ መታገል ነው። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ አፌ ደረቀ፣ ድልድዮቹ ከላዬ ትንሽ ትንሽ ይዞሩ ጀመር።

እዚያ ላይ ነው ግርማ ዝም ማለቱን ያስተዋልኩት። ከወንዙ ከተነሣን ጀምሮ አንድም ቃል አላሰማም። የለመድኩት ፍርሃት ተመልሶ ደረቴ ውስጥ ገባ።

"ግርማ" አልኩ፣ "ለምን... ዝም... አልክ?"

ቃሉን ቆራረጥኩት። በጆሮዬ ሰማሁት።

ግርማ ቆመ። ሲዞር ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። "አንቺን እየሰማሁ ነው" አለኝ። "ከተነሣን ጀምሮ ትንፋሽሽን ነው የምሰማው። ውረጂ በናትሽ።"

"ምንም አልሆንኩም" አልኩት።

እሱ በየጠዋቱ በር ላይ የሚለኝ ቃል ነው። እኔ አንድም ቀን አምኜው አላውቅም። እሱም አላመነኝም። ከድልድዩ ጥላ ሥር አስቀመጠኝና የቀረውን ዳቦ ፊቴ ያዘ። ባሌ እንዲህ ፈርቶ አይቼው አላውቅም፤ እኔ በየቀኑ ወጥ ቤት ቆሜ የምሆነውን ሆኖ አየሁት።

"ንስሐ አባታችን ጋ አብረን እንሄዳለን፣ እኔ እነግራቸዋለሁ" አለ።

በላሁ። ጾሜን ሳይክል መንገድ ላይ ፈታሁት።

ካረፍን በኋላ ከባዱን ሳይክል እሱ ወሰደ፣ እኔ የእሱን። ደጋግሞ ወደ ኋላ ስለሚዞር ከዛፍ ጋር ሊጋጭ ደረሰ። ስለዚህ ማውራት ጀመርኩ። ግዕዙን በቃሌ ስለማላውቀው ያገኘሁትን አወራሁ። ስለ እትዬ አስካለ፣ ለእራት ስለምሠራው ሽሮ፣ ስለ አባቴም ለእሱ ነግሬው ስለማላውቀው ነገር ሁሉ አወራሁ። ዝም ስል ይዞራል፣ ሳወራ ወደ ፊት ያያል። የዋርዝን ዳገት ሁለታችንም እየገፋን ወጣን፤ ያኔም አፌን አልዘጋሁም።

ቤት ደርሰን ሊያ በሩን ስትከፍት፣ "አይሸጥም" አልኩት።

ጉዞው ያስተማረኝ ግርማ ዘገምተኛ ሳይክል ነጂ መሆኑን ነው። ይዘምራል፣ ይገፋል፣ ይበላል፣ ያርፋል። ይህ የበዛ ስፖርት አይደለም፤ ነገሩን ያበዛሁት ሳላየው ነው። ፍርሃቴ ለቀቀኝ ብል ግን እዋሻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ግርማ እንደ ልማዱ በባዶ እጁ ወደ በሩ ሲሄድ ጠራሁት። ዳቦ ቆርሼ፣ ከቴምር ጋር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እኔ ጾመኛ ነበርኩ። ቀና ብሎ ለማየት አፈረ፤ ግን በላ። ከዚያ ወጣ። በሩን ከፍቼ ቆምኩ፤ ድምፁ መንገዱን ይዞ ሲርቅ ሰማሁት፣ አልተቆራረጠም።