ትንፋሹ የተጠረገለት ካፒቴን

ሰዎቹ ስለ ካርቶን ሲነታረኩ ግማሹ ቀን አለቀ። የካርቱኑ አዲስ የዲስክ እትም የሚታሸግበት ሳጥን ሰማያዊ ይሁን ወይስ እንደ ድሮው ካሴት ግራጫ? ግራጫ ይሁን ያለው፣ ሰማያዊ ይሁን ያለውን "አንተ መጀመሪያውኑ ካፒቴኑን አትወደውም" ብሎ ዘለፈው። የተዘለፈውም ብድግ ብሎ፣ ቤቱ ያሉትን የጃፓንኛ የካሴት እትሞች በሙሉ ከነላስቲካቸው፣ አንዱንም ሳይከፍት እንዳስቀመጠ ምሎ ተገዝቶ ተናገረ። ሳይከፍት! ጎረምሳ እንኳ ቢሆን ደግ ነበር፤ ራሱ የተመለጠ ትልቅ ሰው ነው። በአንድ እጁ ነጭ ጓንት አጥልቆ ካሴት ይዟል፣ በሌላው እጁ የድንች ጥብስ እየዛቀ ጣቱን ይልሳል። ከመጨረሻው ወንበር ሆና የምታየው ፉጨት ቋቅ አላት።

ፉጨት ስሟ አይደለም፤ የሰፈር ልጆች ያወጡላት ነው። ጉሮሮዋ ታሞ ሐኪሞቹ ማንቁርቷን ካወጡት ወዲህ በአፍና በአፍንጫዋ መተንፈስ ቀርቶባታል። አንገቷ ሥር በተከፈተች ቀዳዳ ነው የምትተነፍሰው። ቀዳዳዋን በስስ ሻሽ ትሸፍናታለች፤ አየሩ ሲገባና ሲወጣ ግን ያፏጫል፣ ሲብስበትም ይንኮራኮራል። ድምፅ የሚባል ነገር የላትም። ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ልጇ ታነብላታለች። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ሁለት ሦስቴ ዞር ብሎ ያያትና ቦታ ይቀይራል። አንዷማ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ነበር። ድምፅ ይሸታል እንዴ?

ድሮ የሆስፒታል ስልክ አንሺ ነበረች። ድምፅ የሌለው ሰው ስልክ አያነሣምና ወደ መጋረጃ ስፌት ገባች። ሥራውን ወደደችው። የስፌት መኪናዎቹ ሲንጫጩ የሷን ትንፋሽ የሚሰማ የለም፤ ከጥልፍ ክፍሉ ሴቶች ጋር በጥቅሻና በእጅ እየተግባባች፣ ጨርቅ እየለካች ትውላለች። የምትጠላው ወደ ቤት የምትመለስበትን ሰዓት ነው። ቤት ጸጥ ይላል።

ቤት ውስጥ የልጇ ልጅ አለች። ገና ትምህርት ቤት ያልገባች፣ ዓይኗ የሚንቀዋለል፣ ምላሷ የማያርፍ ሕፃን። ይህች ሕፃን አያቷን ትፈራለች። "እማማ አንገት ውስጥ እባብ አለ" ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች። አንድ ቀን እናቷ "አያትሽን ሳሚ" ብላ ስታስገድዳት ሳመቻትና ወዲያው ከንፈሯን በእጅጌዋ ጠረገች። አንዴ አልበቃትም፣ ደግማ ጠረገች። ፉጨት ሣቀች፣ ምን ታድርግ፤ ውስጧ ግን እርር አለ። ሰው ሁሉ ቢጸየፋት ለምዳዋለች። ይህቺኛዋን ግን አልቻለችም።

ወደ ዛሬው ስብሰባ ያመጣትም ይኸው ነው። ፉጨት በወጣትነቷ፣ ማንቁርቷም ድምፅዋም በነበረበት ዘመን፣ ካፒቴኑ ራሷ ነበረች። ከተማው በባሕር የተዋጠበት ልጅ አሮጌ ጀልባ እየነዳ፣ ከሰመጡት ቤቶች ሰዎች የጠፋባቸውን ዕቃ እየጠለቀ የሚያወጣበትን ያንን የጃፓን ካርቱን ቴሌቪዥኑ በአገር ቋንቋ ሲያቀርበው፣ የልጁን ድምፅ የሠራችው እሷ ናት። ማንም አላወቃትም፤ ስሟ አልተጻፈም። ካርቱኑ ሲጀምር መንገዱ ጭር ይል እንደነበር ግን ታስታውሳለች። ልጇ ስልኳ ላይ "የካፒቴኑ ወዳጆች ማኅበር የድሮውን ድምፅ በዲስክ ሊያወጣ ነው፣ ከዚያ ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰማል" የሚል ማስታወቂያ ስታይ እናቷ ዘንድ ሮጠች። ፉጨት ያን ቀን ስፌቷን አቋርጣ አለቀሰች። ሕፃኗ ልትሰማት ነው። አያቷ እባብ ያለባት ሳትሆን ካፒቴን የነበረች መሆኗን በጆሮዋ ልትሰማ ነው።

"ሄደን ማን እንደሆንሽ እንንገራቸው" አለቻት ልጇ።

ፉጨት ራሷን ነቀነቀች። መጀመሪያ ልስማ አለች በከንፈሯ።

እና ይኸው፣ ከኮምፒውተር መለዋወጫ ሱቅ በላይ ባለች፣ ግድግዳዋ በካፒቴኑ ሥዕል በተለበጠች ክፍል ውስጥ፣ ስለ ካርቶን ትሰማለች። ከካርቶን ወደ ቀለም ዞሩ። የመጀመሪያው እትም ባሕሩ አረንጓዴ ነው፣ ሁለተኛው ሰማያዊ ነው፣ ሦስተኛው የጀልባዋን ጫፍ ቆርጧታል። አንዱ በደሴቷ ክፍል ላይ የካፒቴኑ ድምፅ የሚጎረንነው ልጅነቱ እያለቀ መሆኑን ለማሳየት ታስቦበት ነው ብሎ ጥቅስ እያጣቀሰ አብራራ፤ ሁሉም "ልክ ነው፣ ጥበብ ነው" አሉ። ያ ክፍል በተቀረጸበት ቀን ፉጨት የመንጋጋ ጥርሷን ተነቅላ፣ ጉንጯ ውስጥ ጥጥ ወሽቃ ነበር።

ከዚያ ሊቀመንበሩ ተነሣ። ኮቱን ቆለፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወደ ማዳመጡ ከመግባታችን በፊት" አለ፣ "የካፒቴናችንን ድምፅ ለሠራችው፣ ስሟ ላልተጻፈላት፣ ዛሬ በሕይወት ለሌለችው እህታችን የሕሊና ጸሎት እናድርግ።"

ማን ነገረው? ማንም። አንዱ "ሞታለች ይባላል" ብሎ ጽፎ፣ ሌላው "እንደሚባለው" የምትለዋን ፍቆ፣ ሦስተኛው ቀኑን ጨምሮበት ይኸው ሟች አድርገዋታል። ሁሉም ብድግ አሉ። ልጇ ዓይኗ ፈጠጠ፤ አፏን ልትከፍት ስትል ፉጨት ክንዷን ቆነጠጠቻት። ከዚያም ከሰዉ ጋር ቆመች፣ አንገቷንም እንደ ደንቡ ደፋች። ለራሷ።

ክፍሉ ጸጥ ሲል ያው ጉዷ ወጣ። ፊ... ኸር... ፊ... ኸር...። መጀመሪያ ከፊቷ ያለው ዞረ። ቀጥሎ ጎኑ ያለው። ባለ ጓንቱ ፊቱን አጨማደደ፣ ወንበሩንም በእግሩ ወደፊት ገፋ። ሊቀመንበሩ ጸሎቱ እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀም።

"እናቴ፣ ካመመዎት ውጭ ወጣ ብለው አየር ቢያገኙ? ምናልባት... ሰዉም ይረበሻል።"

"አየሩን እያገኘች ነው፣ እሱ ነው የሚሰማህ" አለችው ልጇ፣ ደሟ ፈልቶ።

"አይ፣ ለሷው ብዬ ነው" አለ፣ ከአንገት በላይ በሆነ ፈገግታ። ለሞተችው ሴት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ቆማ የምትተነፍሰዋን ግን ከበር ውጭ ቢያያት ይመርጣል። ፉጨት ተቀመጠች። የመጣችበትን ሳትሰማ ከዚያ ወንበር በጉልበትም አትነሣም።

የድምፅ ጠራጊው ተራ ደረሰ። ቀጭን፣ ጥፍሩን እስከ ሥጋው የሚበላ ሰው ነው። የቴሌቪዥኑን የድሮ ጥቅልሎች ከመጋዘን ያወጣው፣ ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ ያጸዳው እሱ ነው። "ሳገኘው ቆሻሻ ነበር" አለ። "ሹሹታ፣ የወንበር ሲጥሲጥ፣ የወረቀት ኮሽታ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሴትዮዋ ትተነፍሳለች! በየቃሉ መሀል ትተነፍሳለች፣ ከመጥለቁ በፊት ትተነፍሳለች። ወራት ፈጅቶብኛል፤ አንድ በአንድ ለቅሜ ጠርጌዋለሁ። አሁን እንደ መስታወት ነው።"

ጭብጨባው ቀለጠ።

ፉጨት አላጨበጨበችም። ያቺ የምታውቃት የድሮዋ መቅረጫ ክፍል መጣችባት። ግድግዳው ፍራሽ የተለጠፈበት፣ ወለሉ እንዳይንቋቋ ሁሉም ጫማውን አውልቆ በካልሲ የሚቆምባት፣ አንድ ማይክሮፎን ከበው የሚሠሩባት ክፍል። አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይደግማል። ጃፓኖቹ ካፒቴኑን ያለ ትንፋሽ ድምፅ ነበር የሚያጠልቁት። ሳይተነፍስ ውሃ ውስጥ የሚገባ ልጅ የት አለ ብላ ትንፋሹን የጨመረችው እሷ ናት። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከዚያ ካፒቴኑ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ እሷም ትንፋሿን ይዛ ትቆማለች፤ ፊቷ ሲቀላ ባልደረቦቿ አፋቸውን በእጃቸው አፍነው ይሥቃሉ። በዚያ ሥራ ውስጥ ከማንም ያልተቀዳው፣ የሷ የራሷ የሆነው ነገር ያ ትንፋሽ ነበር።

መብራቱ ጠፋ። ባሕሩ መጣ። "መልሕቁን አንሡ!" አለ ካፒቴኑ።

ድምፅዋ ነው። ልጇ እጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት፣ ታለቅሳለች። ፉጨትም ማልቀስ ጀምራ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ጎረበጣት። ልጁ ይናገራል፣ ይናገራል፣ ያለ ማቋረጥ ይናገራል። አየር አይስብም። በሣቁና በቃሉ መሀል ጥቁር ባዶ አለ፣ ሰው ያለበት አይመስልም። አስከሬን አጥበው፣ አበጥረው ሲያናግሩት የምታይ መሰላት።  ይህንን ነው ለሕፃኗ ይዛ የምትሄደው?

ካፒቴኑ ጀልባዋ ጫፍ ላይ ወጣ። ሊጠልቅ ነው። ፉጨት አላሰበችበትም፤ ገላዋ ራሱ አስታወሰ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከቀዳዳዋ የወጣው ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

"አቁሙት!" ድምፅ ጠራጊው ከወንበሩ ዘለለ። "ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄ ትንፋሽ ከየት መጣ? ጠርጌዋለሁ እኮ! በእጄ ነው የጠረግኩት!"

ወደ ኋላ መልሶ አጫወተው። ካፒቴኑ ጭጭ ብሎ ጠለቀ። ሰውዬው ግራ ገብቶት ዞረ፣ ዓይኑም አንገቷ ላይ ዐረፈ። ወራት ሙሉ ያንን ትንፋሽ ብቻ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው፤ ሊሳሳተው አይችልም። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

"ሟቿ ይቻት" አለች ልጇ፣ ተነሥታ። "ቅድም አብራችሁ ቆማ ጸልያላታለች።"

የሚቀጥለው ከሁሉም የባሰ ነበር። ቅድም ወንበሩን የገፋው ባለ ጓንት መጀመሪያ የደረሰው ነው። "እናታችን! እናታችን!" እያለ ያልተከፈተ ካሴቱን አቀረበላት፣ ትፈርምበት ዘንድ፤ ላስቲኩ ላይ ግን፣ ላስቲኩ እንዳይቀደድ ቀስ ብላ። ሊቀመንበሩ ትከሻዋን አቅፎ ፎቶ ተነሣ። አንዲት ወጣት ጆሮዋን ወደ ቀዳዳዋ አስጠግታ "እንደገና ያድርጉልን፣ ልቅዳው" አለቻት። ቅድም ሲጸየፏት ይሻላት ነበር። እጃቸው ሁሉ ጨዋማ፣ ዘይታማ ነው።

ሰዉን በክርኗ ከፍላ ድምፅ ጠራጊው ፊት ቆመች። ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

"ጥቅልሎቹን ስጠኝ ትልሃለች" አለች ልጇ። "ያልተጠረጉትን። ለልጅ ልጇ ልታሰማ ነው።"

"ጥቅልሎቹን?" ጥፍሩን ነከሰ። "እሱማ... ሻግተው ነበር፣ ይሸቱ ነበር። ሥራው ካለቀ ምን ያደርጋል ብለን ጣልናቸው። ኮምፒውተሬም ላይ ያለው የጸዳው ብቻ ነው። እማማ፣ በእውነት አላወቅኩም፤ ቆሻሻ መስሎኝ ነው።"

ሊቀመንበሩ በመሀል ገብቶ ዲስኩን በስጦታ ሰጣት። የናሙናው ሳጥን ሰማያዊ ነበር።

እስከ ቤት ድረስ ልጇ ሰዎቹን ስትራገም መጣች።  ፉጨት ዲስኩን መንገድ ላይ ልትወረውረው ሁለት ጊዜ ቃጣት፤ ያም ሆኖ ድምፅዋ ነውና አልጨከነችበትም።

ሕፃኗ ምንጣፉ ላይ ተዘርፍጣ ካርቱኑን ስታይ፣ ፉጨት እንደ ወትሮዋ ራቅ ብላ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ ሻሿንም ጥብቅ አደረገች። "ይሄ የእማማ ድምፅ ነው" አለቻት እናቷ። ሕፃኗ ወደ አያቷ ዞር ብላ አየችና "ውሸት" አለች። ወደ ካርቱኗም ተመለሰች። ፉጨት ይህንንም ዋጠችው።

ካፒቴኑ ጀልባዋ ጫፍ ላይ ወጣ። ጭጭ ብሎ ጠለቀ።

"እንዴ!" ሕፃኗ ብድግ አለች። "አልተነፈሰም! እማዬ፣ ሳይተነፍስ ገባ! ይሞታል!"

እናቷ ማጫወቻውን አቆመችው። ሕፃኗ ስክሪኑን ትኩር ብላ አየች፣ ቀጥሎም ቤቱን በዓይኗ ዞረችና በሩ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። በዚያ ቤት መተንፈስን የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው።

"እማማ፣ አንቺ ተንፍሺለት።"

እናቷ ወደ ኋላ መለሰችው። ፉጨት ከበሩ ተነሥታ ምንጣፉ ላይ፣ ከሕፃኗ አጠገብ፣ ጉልበቷ እየተንቋቋ ተቀመጠች። ካፒቴኑ ጫፍ ላይ ሲወጣ ሻሹን ገለጥ አደረገች። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ካፒቴኑ ጠለቀ። እሷም ትንፋሿን ይዛ፣ ፊቷ እየቀላ፣ ከውሃው እስኪወጣ ጠበቀችው፤ ብቅ ሲል እሷም ኸህ ብላ ለቀቀችው።

"ወጣ!" ሕፃኗ አጨበጨበች። "ወጣ! አልሞተም!"

ሻሹ ወደ ቦታው ሊመለስ ነበር። ሕፃኗ ግን ካርቱኑን በአንድ ዓይኗ እያየች በእጇ ያዘችው፣ ወደ ጎንም ገለጠችው።

"ተይው፣ አትሸፍኚው" አለቻት። "ደግሞ ሊገባ ነው።"